ሶሌታውን በሬዲ ሚክስ ልሙላ ወይስ በሚክሰር ይቦካ?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ጂ+1 ቤት እየሠራሁ ነው። መሠረቱና የምድሩ ኮለኖች (ምሰሶዎች) አልቀዋል። አሁን የቀረኝ የመጀመሪያው ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ነው፤ 130 ካሬ ሜትር ይሆናል። ኮንትራክተሬ እዚሁ በሚክሰር አቡክተን እንሞላዋለን ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ሬዲ ሚክስ (በፋብሪካ ተቦክቶ በመኪና የሚመጣ አርማታ) እዘዢ እያለ ይጎተጉተኛል። አንድ አምራች ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ከነፓምፑ ሲደመር ከሚክሰሩ ከፍ ይላል። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም። ክረምት ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ። ምን ይመክሩኛል? ሬዲ ሚክስ ከሆነስ ምን ምን ልጠይቅ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ለሶሌታው ሬዲ ሚክስ ይዘዙ። ለላይኛው ፎቅ ኮለኖች ግን አያስፈልግዎትም፤ እነሱን ኮንትራክተርዎ በሚክሰር ይሥሯቸው። ይህን የምለው ሬዲ ሚክስ በባሕርይው ከሚክሰር ስለሚበልጥ አይደለም። በሳጥን ተለክቶ፣ ውሃው ተመጥኖ በግቢ ውስጥ የተቦካ አርማታ ከየትኛውም ባቺንግ ፕላንት (የአርማታ ማምረቻ) ከሚመጣው አያንስም። ሶሌታ ላይ ችግር የሚሆነው ብዛቱ ነው። እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላው።

ሶሌታዎ ሙሉ አርማታ ነው፣ ውፍረቱም 15 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን እንያዝ። 130 በ0.15 ሲባዛ 19.5 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ከሶሌታው በታች የሚወርድ የቢም (ሶሌታውን የሚሸከም አግዳሚ) ክፍል አለ። 25 በ25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ርዝመቱ በጠቅላላ 90 ሜትር ቢሆን 5.6 ሜትር ኪዩብ ይጨምራል። ደረጃውን 1.5 እንበለው። ድምሩ 26.6 ሜትር ኪዩብ መጣ። ሶሌታዎ ብሎኬት የሚደረደርበት ሪብ ስላብ ከሆነ መጠኑ በጣም ይቀንሳል፤ ፕላኑን ይዩት።

ለእንዲህ ዓይነት ቤት የተለመደው ሲ-25 አርማታ ነው፤ ቁጥሩ በሜጋ ፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ሲለካ ያለውን ጥንካሬ ያሳያል። በአገራችን አሠራር ለአንድ ሜትር ኪዩብ ሲ-25 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይያዛል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ሰባት ከትንሽ ማለት ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ሶሌታ 190 ከረጢት ገደማ ይፈልጋል። በየግንባታው የምናየው ሚክሰር በአንድ ዙር አንድ ከረጢት ያቦካል። 190 ከረጢት፣ 190 ዙር። መሙላቱ፣ ማቡካቱና መገልበጡ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ 950 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 16 ሰዓት ይሄዳል። ይህ ምሳ ሳይበላ፣ ውሃ ሳይቋረጥ፣ ሚክሰሩ ሳይበላሽ ነው። በአንድ ሚክሰር በአንድ ቀን አያልቅም። በሁለት ሚክሰርና በጥሩ ካፖ (የሠራተኞች አለቃ) ያልቃል፤ ግን እጅግ ከባድ ቀን ይሆናል።

ከሰዓቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ የሰው ድካም ነው። 190 ጊዜ አሸዋና ጠጠር ይለካል፤ 190 ጊዜ ውሃ ይጨመራል። ጠዋት ላይ ሳጥኑ በደንብ ሞልቶ ከላይ ይላጫል። ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ጥግ ይጣልና በአካፋ ግምት ይሆናል። ውሃው ደግሞ የባሰ ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል። ባሬላ የሚሸከም፣ ባልዲ የሚያቀብል ሰው ሲደክመው ቀጠን ያለውን አርማታ ይመርጣል፤ ለማሰራጨት ይቀላልና። አንድ ባልዲ ትጨመራለች። ማታ የተሞላው ጥግ ጠዋት ከተሞላው በጥንካሬ የተለየ ይሆናል። ከላይ ሲያዩት ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ነገር የሚብስበት ምክንያት አለ። በዙሪያችን ያለው ባዛልት ብዙው ቀዳዳ የበዛበት ነው። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ የተፈጨ ጠጠር ደረቅ ሆኖ ሚክሰር ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይጠጣዋል። አርማታው ቶሎ ይደርቃል፤ ሠራተኛው ውሃ ይደግማል። መፍትሔው ጠጠሩን ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እያጠጡ ማደር ነው። ለላይኛው ኮለኖች በሚክሰር ሲሠሩ ይህን ለካፖው ይንገሩልኝ። በደንብ የሚሠራ ባቺንግ ፕላንት ደግሞ የጠጠሩንና የአሸዋውን እርጥበት ለክቶ ውሃውን ያስተካክላል። ለሬዲ ሚክስ የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሜትር ኪዩብ አንድ ዓይነት እንዲሆን።

ሥራው ለነገ ቢያድርስ? ሶሌታ በአንድ ቀን መሞላት ያለበት እልህ ስለሆነ አይደለም። ዛሬ የተሞላው ጠንክሮ ነገ አዲስ ሲጨመርበት መገናኛው ደካማ ይሆናል፤ ውሃም የሚያልፈው በዚያ ነው። የግድ መቆም ካለበት የሚቆምበትን ቦታ አስቀድሞ መሐንዲሱ ይወስናል። ብዙ ጊዜ በሁለት ቢሞች መካከል ያለው ርቀት ለሦስት እኩል ተከፍሎ፣ መሐለኛው ክፍል ላይ፣ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቆረጣል። ቢሙ አጠገብ ወይም እንደ ቁልቁለት አፍስሶ መተው አይፈቀድም።

ኮለን ግን ሌላ ነው። 30 በ30 የሆነ፣ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ኮለን 0.27 ሜትር ኪዩብ ብቻ ይፈልጋል። 12 ኮለን ቢኖርዎ 3.2 ሜትር ኪዩብ ነው። ለዚህ የከባድ መኪናና የፓምፕ ሒሳብ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ኮለኖች በየተራ ስለሚሞሉም አያጣድፍም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋው ከፍ ይላል ያሉት በምን ተለክቶ እንደሆነ ልጠይቅዎ። ብዙ ሰው የሬዲ ሚክሱን ዋጋ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ዋጋ ጋር ብቻ ያወዳድራል። በሚክሰር በኩል የሚክሰሩ ኪራይና ነዳጁ፣ የቀን ሠራተኞች ክፍያና ምሳ፣ የቦቴ ውሃ፣ መሬት ላይ የሚቀረው አሸዋ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ሲሚንቶውን የሚጠብቅ ዘበኛ መደመር አለበት። በሬዲ ሚክስ በኩል ደግሞ የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ ቫት ያለበት ይሁን የሌለበት፣ ፓምፑ በሰዓት ይሁን በሜትር ኪዩብ እንደሚታሰብ፣ ፓምፑ ዝቅተኛ ክፍያ እንዳለው፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ሲቆይ የሚጨመር ክፍያ መኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ደምረው ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አያመንቱ። ልዩነቱ አሁንም ትልቅ ከሆነና ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ ሁለት ሚክሰር፣ ሁለት የተለያዩ ቡድኖችና ውሃ የሚለካ አንድ የታመነ ሰው ተመድቦ ይሠራ። እሱም ያስኬዳል። ኮንትራክተርዎ ያሉት ስሕተት አይደለም፤ ዝግጅቱን ግን ይጠይቋቸው።

ከዋጋው ቀድሞ መታየት ያለበት ግን መንገዱ ነው። ሰባት ሜትር ኪዩብ አርማታ ብቻውን ወደ 17 ቶን ይመዝናል፤ መኪናው ሲጨመር ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ከአስፋልቱ እስከ ግቢዎ በእግርዎ ይሂዱና ይዩ። የቦዩ ክዳን ይችላል? መታጠፊያው ይበቃል? የጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ ከመንገዱ ጠርዝ ሥር አለ? ኮብልስቶኑ ከጥቁር አፈር ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ከሆነ ጎማው ይዞት ይሰምጣል። በተለይ ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ሁለት ዝናብ ከጣለ በኋላ ጥቁሩ አፈር መኪና አያስገባም። አምራቹ ሰው ልኮ መንገዱን እንዲያይ ይጠይቁ፤ ደህና አምራች ሳይጠየቅም ያደርገዋል። ክንድ ያለው ፓምፕ ከመጣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይዩ። ክንዱ ሽቦውን ባይነካው እንኳ መቅረቡ ይገድላል። ሽቦው ከግቢዎ በላይ ወይም አጠገብ ካለፈ በቱቦ መሬት ለመሬት የሚገፋውን ፓምፕ ይምረጡ፤ ወይም መብራት ኃይል ለዕለቱ መስመሩን እንዲያቋርጥ አስቀድመው ያመልክቱ።

ሲያዙ «ሲ-25» ማለት ብቻ አይበቃም። ለሶሌታ መሆኑን፣ በፓምፕ እንደሚሄድ፣ የጠጠሩን ትልቁን መጠን (20 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው)፣ ሲሚንቶው ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ) ይሁን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)፣ አርማታው ቶሎ እንዳይጠነክር የሚያደርግ ማዘግያ ኬሚካል መጨመር አለመጨመሩን ይነጋገሩ። ፒፒሲ መጥፎ ሲሚንቶ አይደለም። ጥንካሬውን የሚይዘው ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ ድጋፍ የሚነሳበትን ቀን ይገፋዋል። መጠኑን በተመለከተ፣ 26.6 ላይ አምስት በመቶ ይጨምሩ፤ ወደ 28 ይመጣል። ባለ ሰባት ሜትር ኪዩብ መኪና ከሆነ አራት መኪና ነው። አራተኛውን ግን በጭፍን አይዘዙት። ሦስተኛው ሲራገፍ መሐንዲሱ የቀረውን ለክቶ ይደውል፤ አምራቹም በዚያ ልክ ይጫን። አንድ ሜትር ኪዩብ መትረፉ ኪሳራ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ መጉደሉ ግን የባሰ ነው።

ከዋዜማው የሚታይ ሌላ ነገር ድጋፉ ነው። በሚክሰር ሲሞላ ክብደቱ ቀስ እያለ ይመጣል። ፓምፕ ግን አንድ መኪና ሙሉ አርማታ በአጭር ጊዜ ከላይ ያወርዳል። የባሕር ዛፍ አጣናው በቀጥታ አፈር ላይ ከቆመ ይሰምጣል። እያንዳንዱ ከሥሩ ሳንቃ ይግባለት፤ ጎን ለጎንም በደንብ ይያያዝ። ሳንቃው መሐል ክፍተት ካለ የሲሚንቶው ውሃ ይንጠባጠባልና ይደፈን። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ሥራውን ጨርሶ መሐንዲሱ ፌሮውን (ብረቱን)፣ ስታፋውን (ብረቶቹን የሚያቅፈውን ቀለበት)ና ብረቱን ከሳንቃው ከፍ የሚያደርገውን ስፔሰር ሳያይ፣ የመብራት ቱቦና የውሃ መስመር ቀዳዳዎች ሳይቀመጡ መኪና አይጠራ። መኪና በር ላይ ቆሞ ኤሌክትሪሻን ፍለጋ መሮጥ በየጊዜው የማየው ነገር ነው፤ አርማታው ግን አይጠብቅም።

የሙሌቱ ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መኪና በር ላይ ይሁን። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ ፀሐዩ ይበረታል፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ደግሞ የላይኛውን ገጽ ያደርቀዋል። መኪናው ሲደርስ ሹፌሩ የያዘውን ወረቀት ይጠይቁ። የተጫነበት ሰዓት፣ የአርማታው ደረጃና መጠኑ ተጽፎበታል። ውሃና ሲሚንቶ ከተገናኙበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ተራግፎ ማለቅ አለበት የሚለው የተለመደ ልክ ነው። ማዘግያ ከተጨመረበት ሊራዘም ይችላል፤ ያንን ግን አምራቹ አስቀድሞ በጽሑፍ ይንገርዎ።

ከዚያ ስላምፕ፣ ማለትም የአርማታው ቅጥነት፣ ይለካል። መሣሪያው ቀላል ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከሥር ሰፊ ከላይ ጠባብ የቆርቆሮ ቅርጽ ነው። አርማታው በሦስት ዙር ይሞላበታል፤ በየዙሩ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ከላይ ተላጭቶ ቅርጹ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። አርማታው ብቻውን ሲቆም ዝቅ ይላል፤ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በሜትር ይለካል። ለፓምፕ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። ተዘርግቶ መሬት ላይ ከፈሰሰ፣ ጠጠሩ መሐል ቀርቶ ውሃው ዳር ዳሩን ከሮጠ፣ መኪናውን ይመልሱት። መመለስ መብትዎ ነው፤ ውሉ ላይም ይጻፍ።

አሁን ከሁሉ በላይ እንዲይዙልኝ የምፈልገውን ልንገርዎ። መኪናው ላይ የውሃ ቱቦ አለ። አርማታው ትንሽ ወፈር ሲል አንድ ሰው «ጨምርበት» ይላል፤ ሹፌሩም ይከፍተዋል። በአንድ ሜትር ኪዩብ ላይ አምስት ሊትር ውሃ ሲጨመር ስላምፑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይጨምራል፤ ጥንካሬው ግን በ1.4 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይቀንሳል። ባለ ሰባት ሜትር ኪዩብ መኪና ላይ 70 ሊትር ቢጨመር ከ25 ላይ ሦስት ያህል ሄደ ማለት ነው። 70 ሊትር ደግሞ በዚያ ቱቦ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። ከፍለው ያስመጡት ነገር በር ላይ ተበላሸ። ስለዚህ አንድ የሚያምኑት ሰው፣ ወንድምዎ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አጠገብ አይለይ። አርማታው ከወፈረ የአምራቹ ቴክኒሻን ማለስለሻ ኬሚካል ይጨምርበትና በርሜሉ ጥቂት ደቂቃ በፍጥነት ይዙር። ውሃ ግን አይጨመር።

ቫይብሬተር (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቅ መሣሪያ) ሁለት ይኑር፤ አንዱ በነዳጅ የሚሠራ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ አይቆምም፤ የኤሌክትሪኩ ቫይብሬተር ግን ይቆማል። መርፌው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ አረፋው እስኪያቆም ይቆያል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል ፈቀቅ ይባላል። አርማታን በቫይብሬተር እየገፉ ማሰራጨት ጠጠሩን ከሲሚንቶው ይለያየዋል። የፓምፑ አፍም አንድ ቦታ ላይ ክምር እንዳይሠራ ይንቀሳቀስ።

መኪናው ሥራውን ሲጨርስ በርሜሉን ማጠብ ይፈልጋል። እዚህ ላይ አደራ እልዎታለሁ። የመንገዱ ቦይ ላይ እንዳያጥብ። የሲሚንቶ እጣቢ ቆዳ የሚያቃጥል ነው፤ የቦዩ ጎርፍ ደግሞ ጣና ሊገባ ይችላል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዓሣውም የሁላችንም ነው። ግቢዎ ጥግ ላይ ጉድጓድ ያስቆፍሩና ላስቲክ ያስነጥፉበት፤ እዚያ ይጠብ። ሲደርቅ ለሙሌት ይሆናል። ሠራተኞቹም ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ፤ እርጥብ አርማታ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ይቆስላል።

ሶሌታው እንደተስተካከለ ወዲያው በላስቲክ ይሸፈን። ነፋሱ ካገኘው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። በማግሥቱ ጠዋት ዙሪያውን በጭቃ ወይም በደካማ ሞርታር ትንሽ ግድብ ሠርታችሁ ውሃ አቁሩበት። ውሃ ማቆሩ ካልሆነ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ጆንያው እንዳይደርቅ። ኦፒሲ ከሆነ ቢያንስ ሰባት ቀን፤ ፒፒሲ ከሆነ 14 ቀን። ጠዋትና ማታ በባልዲ ረጨት ማድረግ ውሃ ማጠጣት አይባልም፤ ቀትር ላይ ደርቆ ያገኙታል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሮቶው ከሙሌቱ በፊት ሞልቶ ይቀመጥ። ብዙ ሰው አርማታው ላይ ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ለሳምንት ውሃ ይሰስታል። ያሳዝነኛል።

ድጋፍ ለማንሳት አይቸኩሉ። ከሶሌታው ሥር ያለው ድጋፍ 14 ቀን፣ ከቢም ሥር ያለው 21 ቀን ይቆይ። ፒፒሲ ከሆነ ይጨመርበት። አናጺው ሳንቃውን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋልና ይጎተጉትዎታል፤ እሺ አይበሉ።

በመጨረሻ የኪዩብ ምርመራ ያሠሩ። ከመኪናው መሐል ላይ ከሚወርደው አርማታ 15 በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ኪዩቦች ይወሰዱ፤ ሦስቱ በሰባተኛው ቀን፣ ሦስቱ በ28ኛው ቀን ይጨመቁ። ኪዩቦቹን የአምራቹ ሰው ብቻውን አይያዛቸው፤ የእርስዎ መሐንዲስ ቀንና የመኪና ቁጥር ይጻፍባቸው። ምርመራውን የት እንደሚያሠሩ መሐንዲስዎን ያማክሩ፤ ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ይሠራ እንደሆነም ደውለው ይጠይቁ። የሰባት ቀኑ ውጤት በኦፒሲ የ28 ቀኑን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከደረሰ መንገዱ ትክክል ነው። የ28 ቀኑ ከ25 ሜጋ ፓስካል በጉልህ ካነሰ የላይኛው ብሎኬት ግንባታ ይቁም፤ ከሶሌታው ላይ ኮር (በመሰርሰሪያ የሚወጣ ክብ ናሙና) ተቆርጦ ይመርመርና መሐንዲሱ ይወስን።

ፕላኑ ላይ ያለውን የሶሌታ ውፍረት፣ የቢሞቹን ልክና ከአምራቹ ያገኙትን የዋጋ ወረቀት ይላኩልኝ። በእርስዎ ቁጥር መልሼ አስላልዎታለሁ።